ታርጋው ላይ «አስታውሳለሁ» ብሎ የጻፈ ግዛት፦ ኬቤክ

የካናዳዋ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ግዛት፣ የኬቤክ፣ መኪና ታርጋ ነጭ ነው፤ ጽሑፉ ሰማያዊ። ከቁጥሩ ሥር «ዠ ም ሱቪየን» ይላል፤ አስታውሳለሁ ማለት ነው። እስከ 1977 ድረስ እዚያው ቦታ ላይ የነበረው ቃል «ላ ቤል ፕሮቬንስ» ነበር፦ ውቢቱ ጠቅላይ ግዛት። ያ ለእንግዳ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። በ1978 ማስታወቂያውን አንስተው ለራሳቸው የሚሉትን ተኩበት። (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው ኬቤክን «ትንሿ ፓሪስ» ብሎ ይሄድባትና አንድ ትልቅ ሆቴል ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ይህ ጉዞውን ማባከን ነው። ፈረንሳይ ይህን ሕዝብ ጥላ ከሄደች 260 ዓመት አልፏታል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ከሦስት መቶ ሚሊዮን በላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በከበበው አህጉር መሀል ቋንቋውን ላለመጣል የታገለ ሕዝብ ታሪክ ነው። ይህን ይዞ ለሚሄድ ሰው የግንቡ ድንጋይም፣ የሱቁ ማስታወቂያም፣ የሚሰማው ስድብ ሳይቀር ትርጉም ይሰጠዋል።

ስሙ ራሱ ፈረንሳይኛ አይደለም። በአልጎንኪን ቋንቋ «ወንዙ የሚጠብበት» ማለት ነው፤ ሰፊው የሴን ሎራን ወንዝ ከኬቤክ ከተማ ፊት ለፊት ሲደርስ እውነትም ይጠባል። ስፋቱ 1.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ይበልጣል፤ ሕዝቡ ግን 9 ሚሊዮን አካባቢ ነው፤ አብዛኛውም በዚያው ወንዝ ዳርና ዳር ሰፍሯል። ስለዚህ የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ ካርታውን ሳይሆን ወንዙን መከተል ነው።

ዣክ ካርቲዬ በ1534 ጋስፔ ላይ መስቀል ተከለ። ከተማ የቆረቆረው ግን ሳሙኤል ደ ሻምፕላን ነው፤ ሐምሌ 3 ቀን 1608። ከ28 ሰዎቹ የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት 8 ብቻ ነበሩ። ቅኝ ግዛቷ የወንድ አገር ሆና እንዳትቀር ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ከ1663 እስከ 1673 ድረስ 770 ያህል ሴቶችን ጥሎሽ እየሰጠ ላከ። «የንጉሡ ልጆች» ይባላሉ። አብዛኛው የዛሬ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ኬቤካዊ የዘር ሐረጉን ቢቆጥር ከእነዚህ አንዷ ጋር መድረሱ አይቀርም፤ ያን ሁሉ ሕዝብ እንደ አንድ ቤተ ዘመድ የሚያስመስለውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ 1759 እንምጣ፤ የሚረዝመው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ዎልፍ ከተማዋን ከወንዙ ማዶ ሆኖ በጋውን ሙሉ በመድፍ ሲደበድብ ሰነበተ። መስከረም 13 ሊነጋ ሲል ወታደሮቹ «አንስ ኦ ፉሎን» ከሚባለው ወሽመጥ ገደሉን ቧጥጠው ወጥተው ጠዋት ላይ ከከተማው ጀርባ፣ የአብርሃም ሜዳ ላይ፣ ተሰልፈው ተገኙ። የፈረንሳዩ ሞንካልም ረዳት ጦር ሳይጠብቅ ወጥቶ ገጠመ። ዋናው ውጊያ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ሁለቱም ጄኔራሎች ቆስለው ሞቱ።

አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ የቀረው ግን ይብሳል። በሚያዝያ 1760 ፈረንሳዮች ተመልሰው እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ሴንት ፉዋ፣ አሸነፉ። እንግሊዞች ግንቡ ውስጥ ተከበቡ። ወንዙ በረዶ ስለነበር ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፦ በረዶው ሲቀልጥ ቀድሞ የሚታየው መርከብ የማን ይሆን? በግንቦት የታየው የእንግሊዝ ሆነ። መስከረም ላይ ሞንሪያል እጇን ሰጠች፤ በ1763 የፓሪስ ውል ጉዳዩን ዘጋው። የአብርሃም ሜዳ ዛሬ መናፈሻ ነው፤ ልጆች በረዶ ላይ ይንሸራተቱበታል። ወደ ሻቶ ፍሮንትናክ ሆቴል ጠጋ ስትሉ፣ በገዢዎቹ አትክልት ስፍራ፣ ለዎልፍና ለሞንካልም በአንድነት የቆመ አንድ ሐውልት አለ። ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም አንድ ድንጋይ፤ እንዲህ ያለ ሐውልት በየትም አገር ብርቅ ነው፤ ሳታዩት አትለፉ።

ታዲያ ቋንቋው እንዴት ተረፈ? በ1774 የእንግሊዝ ፓርላማ ከደቡብ ያሉት ቅኝ ግዛቶች ሲያስቸግሩት የኬቤክን ሕዝብ ላለማስከፋት ካቶሊክ ሃይማኖቱንና የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔሩን ፈቀደለት። ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቱንም ሆስፒታሉንም ይዛ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሕዝቡን አቀፈችው፤ አሠረችውም። ከ1960 ጀምሮ «ጸጥተኛው አብዮት» በሚሉት ዘመን መንግሥት ትምህርቱን፣ ሕክምናውንና የመብራት ኃይሉን ተረከበ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ ባዶ ቀረ። በ1977 ደግሞ ሕግ 101 ወጣ፦ የመሥሪያ ቤቱም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የማስታወቂያውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ሄዶ ለመኖር ለሚያስብ ቤተሰብ ይህ ተራ ታሪክ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ስደተኛ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ነጻ አገር እንሁን ብለው በ1995 ድምፅ ሲሰጡ «አይሆንም» ያለው 50.58 በመቶ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉ ወንድማማቾች ለሁለት የተከፈሉበት ጉዳይ ስለሆነ እንግዳ ሰው ጨዋታ መጀመሪያ ባያደርገው ጥሩ ነው።

ከእኛ ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ሰው ከሚገምተው የቀረበ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የጋበዟቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ ካህናት ሆነው ሳለ እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው፣ ሃይማኖት ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ተስማምተው ነው የመጡት። ከእነሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግንዱ ያ ኮሌጅ ነው።

ቋንቋቸውን በሚመለከት፣ የፓሪስ ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ቁርስ «ዴዠኔ»፣ ምሳ «ዲኔ»፣ እራት «ሱፔ» ነው፤ ፓሪስ ላይ «ዲኔ» እራት ስለሆነ «ለዲኔ ኑ» ከተባላችሁ ሰዓቱን ጠይቁ፤ ቤተኛው በእኩለ ቀን ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለ«አመሰግናለሁ» መልሱ «ቢያንቭኑ» ነው። መኪና «ሻር» ትባላለች፤ የሰፈር ሱቅ «ዴፓነር»፤ የማቆሚያ ምልክቱ ላይ ፈረንሳይ እንኳ «ስቶፕ» ብላ ስትጽፍ እነሱ «አሬ» ይላሉ። ስድባቸው ከቤተ መቅደስ የወጣ ነው፦ «ታባርናክ» ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ሣጥን፣ «ካሊስ» ጽዋው፣ «ኦስቲ» ኅብስቱ። ቤተ ክርስቲያን ያን ያህል ዘመን ስትጫናቸው ቁጣቸው መውጫ ያገኘው በእሷው ዕቃዎች ስም ነው። የእኛ ሰው ቃሉን ሰምቶ ለጨዋታ ባይደግመው ይመረጣል፤ በሽማግሌ ፊት ከባድ ነው። ሱቅ ስትገቡ ግን «ቦንዡር» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ብትቀጥሉ፣ በተለይ ሞንሪያል ውስጥ፣ ፊት የሚነሳችሁ አታገኙም። የሚከፋቸው ሰላምታውንም በእንግሊዝኛ ሲጀምሩባቸው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ኢትዮጵያዊቷን ቤቷ ያለች ያስመስላታል፦ ከ1981 ወዲህ በኬቤክ ያገባች ሴት በሕግ የምትጠራው በራሷ ስም ነው እንጂ በባሏ አይደለም።

ኬቤክ ከተማን በእግር እንጂ በመኪና አትሞክሯት። የድሮው ከተማ ላይና ታች ሁለት ፎቅ ነው። ከሜክሲኮ በስተሰሜን የከተማ ግንቡ ሳይፈርስ የቀረላት ይህች ብቻ ናት፤ የ4.6 ኪሎ ሜትሩን ግንብ ጫፉ ላይ በነፃ ይሄዱበታል። ጥሩው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከላይ ጀምሩ፤ ከግንቡ ወርዳችሁ በ1893 በተከፈተው ሻቶ ፍሮንትናክ ሆቴል ፊት በእንጨት ወለሉ መናፈሻ አልፉ፤ ከዚያ «አንገት ሰባሪ» የሚሉትን ደረጃ ውረዱ። ታች ፕላስ ሩዋያል የሻምፕላን ሰፈር ነው። ደረጃው በበረዶ ሰሞን ስሙን ያገኘበትን ያሳያልና ያን ጊዜ በአጠገቡ ባለችው የገመድ ሊፍት ውረዱ። መጨረሻ ላይ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ሌቪ የምትሻገረዋን የሕዝብ ጀልባ ያዙ፤ በጥቂት ዶላር፣ በሩብ ሰዓት ገደማ፣ ውድ የቱሪስት መርከብ የሚያሳየውን ሁሉ ታሳያለች። በጥር በረዶውን እየሰነጠቀች ስትሄድ ድምፁ ከእግር ሥር ይሰማል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው የሞንሞራንሲ ፏፏቴ 83 ሜትር ነው፤ ከናያግራ 30 ሜትር ይበልጣል። ከሞንሪያል በባቡር ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ጣቢያው ከግንቡ ሥር ስለሚያወርድ መኪና ማቆሚያ ፍለጋውን ያድናል።

ሞንሪያልን ባጭሩ ልለፈው፤ ስለ እሷ የሚጽፍ አይጠፋም። በ1642 «ቪል ማሪ»፣ የማርያም ከተማ፣ ተብላ ተቆረቆረች። የቅዱስ ዮሴፍ ኦራቶሪ የሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን 283 ደረጃ አለው፤ መሀሉ ላይ ያሉት 99ኙ የእንጨት ደረጃዎች በጉልበታቸው እየተንበረከኩ ለሚወጡ ተሳላሚዎች ብቻ የተተዉ ናቸው። በ1967ቱ የዓለም ኤክስፖ ኢትዮጵያ የራሷ ድንኳን ነበራት፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጥተው ጎብኝተውታል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን፣ በ1976ቱ ኦሎምፒክ፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከቀሩት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ምሩጽ ይፍጠር ያን ስታዲየም አልሮጠበትም፤ ሁለቱን ወርቅ ያገኘው አራት ዓመት ቆይቶ ሞስኮ ላይ ነው። ስታዲየሙ ጣሪያው እየተቀየረ ስለሆነ ውስጡ ዝግ ነው፤ የያኔው የብስክሌት ውድድር አዳራሽ ግን ዛሬ ባዮዶም ሆኖ እንስሳትና ዕፅዋት ይታዩበታል።

ኬቤክን በአንድ ወቅት ብቻ እዩ ብባል መጋቢት እላለሁ። ሰው የሚሸሸው ጭቃማ ወር ነው፤ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚሠራበት የሜፕል ዛፍ ውሃውን የሚያፈስሰው ግን ያኔ ነው። ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወርዶ ቀኑ 5 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ዛፉ ሌሊት ከሥሩ ውሃ ይስብና ቀን ግፊቱ ይገፋዋል። ቅዝቃዜው ካልተፈራረቀ ጠብታ አይወጣም። ግንዱ በደረት ልክ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ብሎ እንዲፈስ ይበሳል። በዓመቱ የሚበሳው ከአሮጌው ጠባሳ ራቅ ብሎ ነው፤ በጠባሳው ዙሪያ ያለው እንጨት ስለሞተ አያፈስስም። የሚወጣው ልክ እንደ ውሃ ጥርት ያለ፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ስኳር ያለው ነው። 40 ሊትሩ ተንተክትኮ አንድ ሊትር ሽሮፕ ይሆናል። ቀሪው 39 ሊትር እንፋሎት ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው ግድግዳውን ያበላሻል፤ የሚፈላው ሰፊና ጎድጎድ ባላለ መጥበሻ፣ ደጅ ወይም ጣሪያው ክፍት በሆነ ጎጆ ነው።

ሽሮፑ ደረሰ የሚባለው ያን ቀን ንጹህ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት 4 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። በወንዙ ዳር ያ 104 ዲግሪ ይሆናል። (አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ገደማ ስለሚፈላ 104ን የሚጠብቅ ሰው ከረሜላ ነው የሚያገኘው።) ቀድሞ የወረደ ሽሮፕ ይሻግታል ወይም ይቦካል፤ የዘገየው እንደ ረጋ ማር ጠርሙሱ ሥር ይቋጥራል። እንደወረደ በትኩሱ በወፍራም ሱፍ ጨርቅ ይጠለላል፤ አለዚያ ከዛፉ የመጣው ማዕድን ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይሰማል። የዛፉ እምቡጥ ሲያብጥ ውሃው መጥፎ ጣዕም ስለሚያመጣ ወቅቱ በዚያው ያበቃል።

ልጆች የሚሻሙበት ደግሞ «ቲር» ነው። ሽሮፑ እንደገና 112 ወይም 114 ዲግሪ እስኪደርስ ይፈላና ሳይማሰል፣ በተጠቀጠቀ ንጹህ በረዶ ላይ በቀጭኑ ይፈሰሳል። ጥቂት ቆይቶ በእንጨት ዘንግ ይጠቀለላል። በረዶው ውስጥ ሰምጦ ከጠፋ አልበሰለም፤ እንደ መስታወት ከተሰበረ አልፎበታል። ልክ ሲሆን ዘንጉን እየሳበ እንደ ወርቅ ክር ይዘረጋል፤ ከላይ ለብ ያለ፣ ከታች የቀዘቀዘ።

የስኳር ጎጆ፣ «ካባን አ ሱክር»፣ ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ካልተያዘ ቦታ የለውም። ገበታው አተር ሾርባ፣ ባቄላ፣ የእንቁላል ጥብስና የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሽሮፑ በሁሉም ላይ ይፈስሳል። አሳማ ለማይበላ ሰው ዋናው ወጥመድ ሥጋው ሳይሆን ሾርባውና ባቄላው ነው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚበስሉት ከአሳማ አጥንት ወይም ስብ ጋር ነው። ወቅቱ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም የሚጾም ሰው በስልክ አስቀድሞ ይጠይቅ። ቲሩ ሽሮፕና በረዶ ብቻ ነው፤ ሆኖም ሲፈላ አረፋውን ለማብረድ ጠብታ ቅቤ የሚያደርጉ አሉ፣ ዘይት የሚያደርጉም አሉ፤ እሱንም ጠይቁ። ለመውሰድ የ540 ሚሊ ሊትር ጣሳ ይሻላል፤ በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ ከተከፈተም በኋላ ፍሪጅ ይገባል።

ፑቲን የሚባለውን ቅይጥ እንዳያምታቷችሁ፦ የድንች ጥብስ፣ በላዩ ገና ያልቆየ ትኩስ ቺዝ በቁርጥራጩ፣ በላዩ በጣም የጋለ ስጎ። በ1950ዎቹ የገጠር ምግብ ቤት የፈጠረው ነው ይባላል። ቺዙ ሲታኘክ ጥርስ ላይ «ጪው» ማለት አለበት፤ ፍሪጅ ያደረ ከሆነ ድምፁ ይጠፋል። በተፈጨ ቺዝ የቀረበላችሁ ፑቲን አይደለም።

ሒሳብ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። የተለጠፈው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ 5 በመቶ የፌደራል፣ 9.975 በመቶ የግዛቱ ይጨመራል። የ100 ዶላር ምግብ 114.98 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቲፕ አለ። ቲፑ የሚታሰበው ከታክሱ በፊት ባለው ዋጋ ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣ የግሪን ካርድ ባለቤት የጸና ፓስፖርትና ግሪን ካርዱ ይበቃል፤ ቪዛ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የሚጓዝ ግን ቪዛ ያወጣል። የሐምሌን የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ራቁ፤ የግንባታ ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ላይ ዕረፍት ስለሚወጣ አልጋ አይገኝም።

የሚነዱ ሰዎች፦ በሞንሪያል ደሴት ቀይ መብራት ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ክልክል ነው። ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 15 የግዛቱ መኪና ሁሉ የክረምት ጎማ ግዴታው ነው፤ ስትከራዩ አረጋግጡ። ከበረዶ በኋላ በመንገዱ ዳር ብርቱካናማ ምልክት ከተተከለ መንገዱ ሊጠረግ ነው ማለት ነው። ጎታች መኪናው መጀመሪያ ሳይረን ያሰማል፤ ያን ድምፅ ሰምቶ ከአልጋው ያልወጣ ሰው ጠዋት መኪናውን ሌላ መንገድ ላይ ነው የሚያገኘው፣ ከነቅጣቱ።

ጊዜ ያለው ሰው ወንዙን ወደ ታች ይከተል። ከኬቤክ ከተማ ሦስት ሰዓት ያህል ነድቶ፣ ሳግኔ ወንዝን በነፃ ጀልባ ተሻግሮ ታዱሳክ ይደርሳል። ጥልቁ የባሕር ሸለቆ እዚያ ላይ ስለሚያበቃ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ምግቡንም ይዞ ይወጣል፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚሰበሰቡት ለዚያ ነው። ነጮቹ ቤሉጋዎች ግን ክረምት ከበጋ ከሴን ሎራን አይወጡም። በሐምሌም ቢሆን ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያና ጓንት ያዙ፤ ጀልባው ላይ ያለው ነፋስ የክረምት ነፋስ ነው። ለጀልባ የሚከፈለው ከከበደ ከታዱሳክ ትንሽ አለፍ ብሎ ካፕ ደ ቦን ዴዚር የሚባል የድንጋይ ዳርቻ አለ። ውሃው ከድንጋዩ ሥር ወዲያው ስለሚጠልቅ ዓሣ ነባሪዎቹ በጣም ይጠጋሉ። ሞተር የለም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው ትንፋሹ ነው፤ ጀርባው ከዚያ በኋላ ይታያል።